የሮማ ቤተሰቦችን የማኅበረሰብ ማዕከል ለመሥራት በበጎ ፈቃድ ውጭ መሄድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁለት ጊዜ ከቪየና ወደ ምሥራቅ ስሎቫኪያ ሄጄ ሲሚንቶ ሳቦካ ቆይቼ ከተመለስኩ ወዲህ፣ የማውቀውም የማላውቀውም ሰው የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

ሮማ እነማን ናቸው? የሮም ከተማ ሰዎች ናቸው ወይስ የሮማኒያ?

ሁለቱንም አይደሉም። በአማርኛ «ሮማ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣልን ጳጳሱ ያሉበት ከተማ ነው፤ «ሮማውያን» ሲባል ደግሞ ጲላጦስ። ስለዚህ ግራ መጋባቱ አይፈረድበትም። በእነሱ ቋንቋ «ሮም» ሰው ወይም ባል ማለት ነው፤ ሲበዛ «ሮማ» ይሆናል። ከሮማኒያ ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው። እዚያ አገር ብዙ ሮማዎች መኖራቸው ግን ነገሩን አባሰው።

ቅድመ አያቶቻቸው ከሰሜን ሕንድ የወጡት የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ቋንቋቸው እስካሁን ይመሰክራል። ውኃ «ፓኒ» ነው፤ የሕንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ወዲያው ጆሮው ይይዘዋል። ዛሬ በመላው አውሮፓ ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል፤ ከእነዚህ 6 ሚሊዮን ያህሉ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይኖራሉ። ስሎቫኪያ 5.4 ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ ወደ 440,000 የሚጠጉ ሮማዎች አሏት።

በፈረስ ጋሪ የሚዞሩበትን ሥዕል ደግሞ ከጭንቅላታችሁ አውጡት። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ አንድ ቦታ የተቀመጡ ናቸው። ሲዞሩ የቀሩትንም የያኔዋ ቼኮዝሎቫኪያ በ1958 በሕግ አስቁማቸዋለች።

«ጂፕሲ» ብል ምን ችግር አለው? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።

ቃሉ የመጣው ድሮ ከግብፅ የመጡ ከመሰላቸው ሰዎች ነው። እንግሊዝ አገር ራሳቸውን በዚህ ስም የሚጠሩ አሉ፤ ለራሳቸው ያውቃሉ። የስሎቫኩ «ጺጋን» እና የጀርመኑ «ጺጎይነር» ግን ስድብ ሆነው ነው የሚሰሙት። ናዚዎች አውሽቪትስ ላይ የሮማ እስረኞችን ክንድ ሲነቅሱ ከቁጥሩ በፊት ያስገቡት የዚሁ የጀርመንኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነበር። ኦገስት 2 ቀን 1944 ሌሊት እዚያው ካምፕ ውስጥ ከ4,000 በላይ ሮማዎች በጋዝ ተገድለዋል። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ።

«ሮማ» በሉ። ሌላውን ሰዎቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። አንዳንዱ «እኔ ስሎቫክ ነኝ፣ በቃ» ይላችኋል፤ እሱም ልክ ነው።

የማኅበረሰብ ማዕከል ሲባል ምን ዓይነት ቤት ነው?

የቀበሌ አዳራሽ አይደለም። ስሎቫኪያ ውስጥ በማኅበራዊ አገልግሎት ሕጉ (ቁጥር 448/2008) ራሱን ችሎ የተጠቀሰ አገልግሎት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ደመወዝተኛ ሠራተኛ አለው። ቤቱ ወይ የተተወ የመንደር ቤት ተጠግኖ ነው፣ ወይ ኮንቴይነር ተገጣጥሞ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከመሠረቱ ተገንብቶ።

በሁለተኛው ጉዞዬ የሠራንበት ድሮ ወተት መሰብሰቢያ የነበረ ነው። አራት ክፍል አለው። አንደኛው ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የቤት ሥራ የሚሠሩበት። ሁለተኛው ቢሮ ነው፤ እናቶች የዕዳ ማስጠንቀቂያ፣ የድጎማ ፎርም፣ የሐኪም ቀጠሮ ይዘው ይመጣሉ። ሦስተኛው የትንንሾቹ ነው። ስሎቫኪያ ከ2021 ጀምሮ አምስት ዓመት ለሞላቸው ሕፃናት መዋዕለ ሕፃናትን ግዴታ አድርጋለች፤ ልጁ ቋንቋውን ሳይሰማ እንዳይሄድ እዚህ ይለማመዳል። አራተኛው ሻወርና ሁለት የልብስ ማጠቢያ ማሽን።

መንደሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አራተኛው ክፍል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ኤጀንሲ በ2021 በአሥር አገሮች ባደረገው ጥናት፣ ከሮማዎቹ 22 በመቶው ቤታቸው ውስጥ የቧንቧ ውኃ የላቸውም። በዚያች መንደር ለስልሳ ምናምን ቤት አንዲት ቦኖ ናት። ጀሪካን ይዘው የተሰለፉ ልጆች ሳይ አውሮፓ ውስጥ መሆኔን ረስቼው ነበር።

የግንባታ ሙያ የለኝም። ምን ያሠሩኛል?

ሲሚንቶና አሸዋ ታቦካላችሁ። አሮጌ ልስን ትፍቃላችሁ፣ ባሬላ ትሸከማላችሁ፣ ቆሻሻ ትጭናላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ቀለም ትቀባላችሁ። ኤሌክትሪክ፣ ጋዝና ጣሪያ የባለሙያ ነው። «ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» ብላችሁ እጃችሁን እንዳታስገቡ።

ሦስት ሆነን አንድ የክፍል መለያ ግድግዳ ደረደርን። ኩራታችን ሌላ ነው፤ አንዱማ ፎቶ አንስቶ ለእናቱ ልኳል። የመንደሩ ግንበኛ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሮማ አባት፣ መጡና ውኃ ልካቸውን አስቀመጡ። አረፋዋ ወደ አንድ ጎን ሄደች። ቱምቢ ጣሉ። ምንም አላሉም። ሲሚንቶው ገና አልደረቀም ነበርና የላይኞቹን ሦስት ረድፎች አንድ በአንድ አንስተው መሬት ላይ ደረደሯቸው። ከዚያ ክር አውጥተው አንዱን ጫፍ ሰጡኝ፤ እንዴት እንደምወጥረው በእጃቸው አሳዩኝ። የቀረውን ጊዜ ሥራዬ ክር መያዝ ሆነ። ግድግዳው ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል።

በማን በኩል ነው የሚኬደው?

ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 30 ከሆነና በአውሮፓ ኅብረት አገር በሕጋዊ መኖሪያ የምትኖሩ ከሆነ፣ መጀመሪያ የኅብረቱን የወጣቶች የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም፣ የአውሮፓ ሶሊዳሪቲ ኮርፕስን እዩ። ቁም ነገሩ መኖሪያችሁ እንጂ ፓስፖርታችሁ አይደለም። በቡድን የሚሠራው ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ነው፤ በግል የሚሠራው እስከ 12 ወር ይደርሳል። ዕድሜው ያለፈን ሰዎች ደግሞ አጫጭር የሥራ ካምፖች አሉልን። የእነዚህ አንጋፋው ሰርቪስ ሲቪል ኢንተርናሽናል ነው፤ በ1920 ፈረንሳይ ውስጥ ቬርደን አጠገብ፣ ጦርነት ያፈረሰውን መንደር ለመጠገን የተጀመረ። እኛም አገር ስሙ የሚታወቀው ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ሮማኒያ ውስጥም ቤት ይሠራል። በምሥራቅ ስሎቫኪያዋ ኮሺትሴ ከተማ፣ ሉኒክ ዘጠኝ በሚባለው ትልቁ የሮማ ሰፈር ውስጥ ደግሞ የዶን ቦስኮ ካህናት ማዕከል አላቸው። አዎ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሙያ ትምህርት ቤት ያላቸው እነዚያው ናቸው። በ2021 ጳጳሱ ፍራንሲስ እዚያ ድረስ ሄደው ነበር።

ድርጅቱ ማንም ይሁን ማን፣ ከመመዝገባችሁ በፊት «የጠራን ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ደቦን አስቡት። በደቦ ወግ ባለ ማሳው ነው የሚጠራው፣ እሱ ነው የሚያበላው፣ የት እንደሚጀመርም እሱ ነው የሚያዘው። ሳይጠራ ሰው ማሳ ገብቶ የሚያጭድ ደቦኛ አይባልም፤ ሌላ ስም አለው። ድርጅቱ «ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተነጋግረናል» ካላችሁ፣ ከማን ጋር፣ መቼ፣ ምን ብለው መለሱ በሉ። የመጀመሪያው ጉዞዬ ላይ ይሄን አልጠየቅሁም።

ስንት ይፈጃል? ክፍያስ አለው?

ደመወዝ የለም። ሶሊዳሪቲ ኮርፕስ መጓጓዣውን፣ ማደሪያውን፣ ምግቡን፣ ኢንሹራንሱን ይችላል፤ ትንሽ የኪስ ገንዘብም አለው። የሥራ ካምፖቹ የመመዝገቢያ ይጠይቃሉ፤ መጓጓዣ ከራስ፣ ምግብና ማደሪያ ከነሱ። እኔ ለሁለት ሳምንት ከቪየና ደርሶ መልስ ባቡሩን ጨምሮ 350 ዩሮ አልሞላብኝም።

ለሁለት ሳምንት ከሺህ ዩሮ በላይ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ዝርዝሩን ጠይቁ። ስንቱ ለጡብ፣ ስንቱ ለግንበኛ፣ ስንቱ ለቢሮ? መልሱ «ለማኅበረሰቡ ነው» ብቻ ከሆነ ተዉት።

ቪዛው እንዴት ነው? ኢትዮጵያ ሆኜ መሄድ እችላለሁ?

እንደ ወረቀታችሁ ይለያያል። የሼንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ ከፓስፖርታችሁ ወይም ከስደተኛ የጉዞ ሰነዳችሁ ጋር ይዛችሁ፣ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ስሎቫኪያም ሃንጋሪም መሄድ ትችላላችሁ። ሮማኒያና ቡልጋሪያም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሼንገን ገብተዋል። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ ከሆነ ግን አትንቀሳቀሱ። በዚያ ጊዜያዊ ካርድ ድንበር አይሻገርም፤ ለአንድ የቀለም ባልዲ ብላችሁ ጉዳያችሁን እንዳታበላሹ። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ሆናችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁም ቪዛ ያስፈልጋችኋል።

ከአገር ቤት ለሚነሳ ሰው እውነቱን ልናገር፤ ከባድ ነው። ሶሊዳሪቲ ኮርፕስ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ደንቡን አጥብቆት ነበር፤ መልስ መጠበቂያውን ከ15 ወደ 45 ቀን ወሰደው፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም አስቀረ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። «የበጎ ፈቃድ ቪዛ እናስጨርሳለን» የሚል ደላላ ከመጣባችሁ፣ ገንዘባችሁን አታቅምሱት።

ቋንቋ ሳልችል ምን እሆናለሁ?

ትግባባላችሁ። በቡድኑ ውስጥ ሥራው በእንግሊዝኛ ነው። መንደሩ ውስጥ ስሎቫክኛና ሮማኒ ይነገራል። «ላቾ ዲቬስ» ብላችሁ ሰላም በሉ፣ «ፓሊኬራቭ» ብላችሁ አመስግኑ። ልጆቹ አጠራራችሁን እያረሙ በሁለት ቀን ያስተምሯችኋል፤ ከዚያ ለእናታቸው ያሾፉባችኋል። «ጋጆ» የምትለዋን ቃልም ትሰማላችሁ። ሮማ ያልሆነ ሰው ማለት ነው፤ እኛ «ፈረንጅ» እንደምንለው፣ እንደ አነጋገሩ ትከፋለች ትለዝባለች።

ምን ይዤ ልሂድ?

ብረት ያለው የሥራ ጫማ፣ ጥሩ ጓንት፣ የሚጣል ልብስ። የቴታነስ ክትባታችሁ ጊዜው አልፎ እንደሆነ እዩ። በበጋው ሳሩ ውስጥ የአንጎል በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር አለ፤ ክትባቱ ሦስት ዙር ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት አይጀመርም። የአውሮፓ የጤና ካርዳችሁን ያዙ፤ እሱ ሕክምናውን እንጂ ሌላውን አይሸፍንምና ድርጅቱ የአደጋ ኢንሹራንስ እንዳለው አረጋግጡ። አሮጌ ግራጫ የጣሪያ ክዳን ካያችሁ አትስበሩ፣ አትቁረጡ፤ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል።

ከልጆች ጋር የምትሠሩ ከሆነ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ይጠየቃል። ካልጠየቋችሁ እናንተ ጠይቁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር የማይጠይቅ ድርጅት ልጅ አጠገብ መድረስ የለበትም።

ቤታቸው ቡና ቢጋብዙኝ ልግባ?

ግቡ እንጂ! ቡናው «ቱሬክ» ይባላል፦ የተፈጨ ቡና ብርጭቆ ውስጥ፣ የፈላ ውኃ በላዩ። አተላው እስኪወርድ ይጠበቃል። እኔ ቸኩዬ አፌን በአተላ ሞልቼ ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ የእኛን ጀበና በስልኬ አሳየኋቸው። ሦስቴ እንደሚቀዳ ስነግራቸው «እንግዲያ ሥራ መቼ ትሠራላችሁ?» አሉ። መልስ አጣሁ።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ «አይ አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ማለት እዚያ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። እድሜ ልካቸውን እጃቸው ቆሻሻ ነው ተብለው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሲኒውን መመለስ «እኔም እንደዚያው ነው የማስበው» ይመስላል። ቡና የማትጠጡ ከሆነ ውኃ ጠይቁ፣ ግን ከእጃቸው ተቀበሉ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ንገሯቸው፤ ጾም ምን እንደሆነ ይገባቸዋል፣ ብዙዎቹ ክርስቲያን ናቸው።

ጥቁር ነኝ። እዚያ አካባቢ ሰላም ነው?

በአብዛኛው። በትንንሽ ከተሞች ሰው ያፈጥባችኋል። አንድ ባቡር ጣቢያ ላይ ከስድስት ሰው መርጠው የእኔን ወረቀት ብቻ አይተዋል፣ በመመለሻዬም እንደገና። ማታ ብቻችሁን መጠጥ ቤት አትዙሩ፤ ይሄ የትም ይሠራል።

ሮማዎቹ ጋር ግን ያልጠበቅሁት ገጠመኝ። አንዲት አሮጊት ክንዴን ያዝ አድርገው «ካሎ» አሉ። ጥቁር ማለት ነው። ልቆጣ ስል የራሳቸውን ክንድ ከጎኑ አስቀምጠው እንደገና «ካሎ» አሉ፣ ስቀውም ሄዱ። ኋላ ሲነገረኝ ሮማዎች ራሳቸውንም በዚህ ቃል ይጠራሉ፤ የፊንላንዶቹማ የሕዝባቸው ስም «ካሌ» ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ስሜ ካሎ ሆኖ ቀረ።

ፎቶ ማንሳትና መለጠፍ ይቻላል?

ግድግዳውን አንሱ። ልጆቹን ተዉ፤ ወላጅ ፈቅዶ እንኳ ቢሆን ፊታቸው ኢንተርኔት ላይ አይውጣ። እኛ ከማንም በላይ ይሄን ማወቅ አለብን። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን የመጡ እንግዶች ንፍጤን ሳልጠርግ አንስተውኝ ሄደዋል። ያ ፎቶ የት አገር ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ እስካሁን አላውቅም።

ልብስና መጫወቻ ሰብስቤ ልውሰድ?

አትውሰዱ። ከመኪና ኮፈን ላይ ልብስ ማደል ሰልፍ ይፈጥራል፣ ሰልፉ ጠብ ይፈጥራል፣ ጠቡ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላም ይቀጥላል። የግድ ካላችሁ ማዕከሉን ምን እንደጎደለው ጠይቃችሁ እዚያው አገር ግዙ። እኛን የጠየቁን የማጠቢያ ማሽን ቱቦና የእርሳስ መቅረጫ ነበር።

«ሌቦች ናቸው፣ ልጅ ይሰርቃሉ» ይባላል። እውነት ነው?

ይሄን በሹክሹክታ ነው የሚጠይቁኝ። ልጅ ይሰርቃሉ የሚለው ተረት ነው። በ2013 ግሪክ ውስጥ አንዲት ወርቃማ ጸጉር ያላት ሕፃን ሮማ ቤት ተገኘች ተብሎ ዓለም ተቀወጠ። በዲኤንኤ ሲታይ ወላጆቿ ቡልጋሪያ ያሉ ሌሎች ሮማዎች ሆኑ። በዚያው ሰሞን አየርላንድ ሁለት ልጆች ከሮማ ወላጆቻቸው ተነጥቀው፣ በምርመራ የራሳቸው ልጆች መሆናቸው ተረጋግጦ ተመልሰዋል።

እኛ ይሄን ነገር በሌላ ስም እናውቀዋለን። ማረሻውንና ማጭዱን ከሚሠራልን ቀጥቃጭ ገዝተን፣ ማታ «ቡዳ ነው፣ ልጅ ይበላል» ብለን በር የዘጋን ሕዝቦች ነን። ከሮማ ጎሳዎች አንዱ «ካልደራሽ» ይባላል፤ ድስትና ጋን ቀጥቃጭ ማለት ነው። ገበሬው ድስቱን ይገዛቸዋል፣ ከዚያ ከመንደር ዳር ያስቀምጣቸዋል። ያው ነው። ሮማኒያን በመሠረቱት ሁለት ግዛቶች ውስጥ እስከ 1855 እና 1856 ድረስ ባሪያ ሆነው ይሸጡ ይለወጡ ነበር።

ድህነት ባለበት ስርቆት አለ፤ ቦሌም አለ። ከእኔ የጠፋው አንድ ጓንት ነው፣ እሱንም ጋሪ ሥር አገኘሁት። ይልቅ እነሱ እኛን ለመጠርጠር ምክንያት አላቸው። የስሎቫክ መንግሥት ሮማ ሴቶች ያለ ፈቃዳቸው እንዲመክኑ በመደረጋቸው ይቅርታ የጠየቀው በኖቬምበር 2021 ነው፤ ድርጊቱ እስከ 2004 ድረስ የዘለቀ ነበር። ስለዚህ ፎርም ይዛችሁ ስትመጡ አንዲት እናት ፊቷን ብታዞር አትቀየሟት።

የመንደሩ ሰው ሥራ አጥ ሆኖ እኔ በነጻ ብሠራ እንጀራውን አልቀማሁትም?

ልትቀሙት ትችላላችሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ አሥራ አራት በጎ ፈቃደኞች ሆነን ቀለም ቀባን። ከአጥሩ ማዶ አምስት ጎልማሶች ቁጭ ብለው ያዩናል። ሁለቱ የቀለም ቀቢ ሥራ የሚያውቁ ነበሩ፤ ይሄን ያወቅነው በዘጠነኛው ቀን ነው። የእኛ የመጓጓዣ ወጪ ብቻ ለነሱ ሁለት ሳምንት ደመወዝ ይበቃ ነበር። ድርጅቱን ስጠይቅ «ፕሮጀክቱ ለበጎ ፈቃደኞች ነው የተፈቀደው» አሉኝ። እስካሁን ያበሽቀኛል።

በሁለተኛው ጊዜ ግንበኛውና ሁለት ረዳቶች ከመንደሩ ተቀጥረው ነበር። እኛ የነሱ ባሬላ ተሸካሚ ነን። ሥራው ዘገየ፣ ግን በምሳ ሰዓት የሚያዘው ማን እንደሆነ ግልጽ ነበር።

ማዕከሉን ሰፈራቸው ውስጥ መሥራት ራሱ መለያየትን ማጽናት አይሆንም?

ይሄ ከባዱ ጥያቄ ነው። ሮማ የሆነ የሚከራከርበት፣ ሮማ ያልሆነም የሚከራከርበት። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2007 የቼክ ሮማ ልጆችን በልዩ ትምህርት ቤት ማጎር አድልዎ ነው ብሎ ፈርዷል። የአውሮፓ ኮሚሽን ደግሞ በ2023 ስሎቫኪያን በዚሁ በትምህርት ቤት መለያየት ጉዳይ ፍርድ ቤት አቅርቧታል። በ2013 ኮሺትሴ የአውሮፓ የባህል ዋና ከተማ በሆነችበት ዓመት፣ ሮማዎችን ከሌላው የሚለይ ግንብ ተሠርቶባት ተወቅሳለች። እንዲህ ባለበት አገር «የሮማ ማዕከል» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ቤት በጎ ግንብ ሊሆን ይችላል፤ ግን ግንብ ነው።

የእኔ ሚዛን ይሄ ነው። ቤቱ የት ነው የተሠራው? ሰፈሩ መጨረሻ ላይ ጭቃው ውስጥ ከሆነ ሌላው ሰው አይመጣም። የእኛው የወተት ቤት ሰፈሩና መንደሩ መካከል፣ ድልድዩ አጠገብ ነበር። ልብስ ማጠቢያው ለሁሉም ክፍት ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሮማ ያልሆኑ ጡረተኛ ማሽናቸው ተበላሽቶ ቅርጫት ይዘው መጡ። ተሰልፈው ጠበቁ። ማንም ምንም አላለም፤ ወሬው ግን ማታ መንደሩን አዳረሰ። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን እዚህ ቢሠሩም ትምህርት ቤታቸው የሁሉም ትምህርት ቤት መሆን አለበት። ማዕከሉ ትምህርት ቤትን የሚተካ ከሆነ እኔ አልሄድም።

ሕንፃው ካለቀ በኋላ ማን ያስኬደዋል?

ሁሉም ይሄን መጨረሻ ላይ ነው የሚጠይቀው፣ እኔም ጭምር። መጀመሪያ የቀባነው ማዕከል ከሁለት ዓመት በኋላ ሳልፍ ተቆልፎ አገኘሁት። የሠራተኞቹ ደመወዝ ከፕሮጀክት ነበር፤ ፕሮጀክቱ አለቀ። በመስኮት ሳይ ወንበሮቹ ተደራርበዋል፣ የቀባሁት ቢጫ ግድግዳ ላይ እርጥበት ወጥቷል። ቁልፉ ማዘጋጃ ቤት ነው አሉኝ። ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ቁልፉ ያለው ሰው እረፍት ላይ ነው።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። መሬቱ በማን ስም ነው? በብዙ የሮማ ሰፈሮች ቤቱ የቆመበት መሬት የሌላ ሰው ነው፤ አንዱ ቁራሽ መሬት በውርስ ተከፋፍሎ ብዙ ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ ያ ሳይጠራ የተሠራ ቤት በአንድ ክስ ይፈርሳል። ደመወዙን ማን ይከፍላል፣ እስከ መቼ? የመብራትና የውኃውን ሒሳብስ? ማሽኑ ሲበላሽ ማን ያሠራል?

የወተት ቤቱ እነዚህን የመለሰው ግንባታው ሳይጀመር ነው። መሬቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ መብራቱንም እሱ ይከፍላል፤ ፈርሟል። ለአንድ ማጠቢያ ትንሽ ሳንቲም ይከፈላል፤ ለጥገና በቆርቆሮ ሣጥን ይቀመጣል፣ ልክ እንደ ዕድር። ቁልፉ ሦስት ነው፣ ሦስት የሰፈሩ ሴቶች በተራ ይይዙታል። በቅርቡ አንደኛዋ ደውላ አንዱ ማሽን ቆሟል አለችኝ። ልርዳችሁ ወይ አልኳት። «ሣጥኑ ውስጥ አለ፣ ሠሪው ሐሙስ ይመጣል» አለች። የደወለችው የጀበናዋን ፎቶ ድጋሚ እንድልክላት ነበር።